የጀልባ ላይ መጥበሻ ምድጃ፤ አመራረጡና አጠቃቀሙ

ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ ለአንባቢ ግልጽ አድርጎ የሚያስረዳ ድርሰት ነው። የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ጸሐፊ «እንዲህ አድርግ» ብሎ በማዘዝ ብቻ አይወሰንም፤ የትእዛዙንም ምክንያት ያስከትላል። ምክንያቱን የተረዳ አንባቢ በጽሑፉ ውስጥ ያልተጠቀሰ ሁኔታ ቢያጋጥመው እንኳ የሚያደርገውን አያጣም። የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ ይህንን ልብ በሉ።

ምንባብ

ከጉና ተራራ የሚመነጩት የርብና የጉማራ ወንዞች የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። የአካባቢው ሰውም ወደ ሐይቁ የሚወርደው የእነርሱን አቅጣጫ ተከትሎ ነው፤ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በወረታ በኩል ቁልቁል የሚጓዝ መንገደኛ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ባሕር ዳር ይደርሳል። ከፍታው ከ4000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጉና ግርጌ፣ ከብርዱ አገር የመጣ ሰው፣ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከሐይቁ ዳር ሲደርስ ከሙቀቱ ሌላ ሁለት ነገሮች ይጠብቁታል፤ አንዱ የጀልባ ሽርሽር፣ ሁለተኛው ትኩስ የዓሣ ጥብስ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ማግኘት ቀላል ነው። ሁለቱን ባንድነት ማግኘት፣ ይኸውም በጀልባው ላይ ዓሣ እየጠበሱ መብላት በታሰበ ጊዜ ግን ጉዳዩ ብርቱ ጥንቃቄን ይጠይቃል።

እሳት በየብስ ላይ ሲነሣ ሰው ሸሽቶ ሊድን ይችላል። በጀልባ ላይ ሲነሣ ግን መሸሻው ሐይቁ ራሱ ነው፤ ዋና ለማያውቅ ሰው ደግሞ ከእሳቱ ወደ ውሃው መዝለል ከአንዱ አደጋ ወደ ሌላው መሸጋገር ነው። «ውሃ በከበበው ጀልባ ላይ እሳት ምን ሊያደርግ ይችላል?» የሚል አይጠፋ ይሆናል። ይህ አስተሳሰብ የተሳሳተ ነው። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ በሚነድ ቤንዚን ላይ ውሃ ሲደፋ ነበልባሉ ከውሃው ጋር እየፈሰሰ ይስፋፋል እንጂ አይጠፋም። በሚነድ ቅባት ላይ ውሃ ሲጨመርም ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ የጋለውን ቅባት በዙሪያው ይረጨዋል። ስለዚህ ወደ ጀልባ የሚገባ ምድጃ የሚመረጠው ዓሣውን አሳምሮ በመጥበሱ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድሞ እሳቱን ከተወሰነለት ስፍራ እንዳይወጣ አድርጎ በመያዙ ነው።

ምድጃው ከመመረጡ በፊት ጀልባው መታወቅ አለበት። በጣና ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው ታንኳ ከደንገል ታስሮ የሚሠራ ነው። ከውሃው በላይ ያለው የታንኳው ክፍል በፀሐይ ሲደርቅ በቀላሉ ይቀጣጠላል። በዚህም ላይ ታንኳ ጠባብና የሚወዛወዝ ስለሆነ በላዩ ምንም ዓይነት ምድጃ ማንደድ አይገባም። የሞተር ጀልባ አካል ደግሞ ከብረት፣ ከእንጨት ወይም ፋይበር ግላስ ከሚባለው ነገር ሊሠራ ይችላል። ብረት ባይነድም ሙቀትን በፍጥነት ያስተላልፋል፤ እንጨትና ፋይበር ግላስ ግን ራሳቸው ይነዳሉ። በመሆኑም ምድጃው በቀጥታ በወለሉ ላይ መቀመጥ የለበትም። ከሥሩ አየር የሚያሳልፍ እግር፣ ከእግሩም በታች የማይነድ ንጣፍ ያስፈልገዋል።

ምድጃዎች በሚጠቀሙበት ነዳጅ ይለያያሉ። በአገራችን በሰፊው የሚታወቀው የከሰል ምድጃ ነው። ከሰል በየገበያው ይገኛል፤ ለጥብስም መልካም ጣዕም ይሰጣል። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ከተያያዘ በኋላ በተፈለገው ቅጽበት አይጠፋም፤ ጀልባው ሲዘነብል ፍሙ ሊፈስ፣ ነፋስ ሲነሣም ብልጭታው ሊበተን ይችላል። የላምባ ምድጃ ፈሳሽ ነዳጅ የሚይዝ ስለሆነ በማዕበል ጊዜ የመፍሰስ አደጋ አለው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ብዙ ኃይል ስለሚፈልግ ለትንሽ ጀልባ ባትሪ የሚሆን አይደለም።

የቡታ ጋዝ ምድጃ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለመቆጣጠር ይመቻል፤ መክፈቻው ሲዘጋ እሳቱ ወዲያው ይጠፋል። ነገር ግን የራሱ የሆነ የተሠወረ አደጋ አለው። ቡቴን የተባለው ጋዝ ከአየር ሁለት እጥፍ ያህል ይከብዳል። በየብስ ላይ የሾለከ ጋዝ በበር በኩል ወጥቶ ሊበተን ይችል ይሆናል፤ ጀልባ ግን እንደ ገበቴ ዙሪያው የተዘጋ ስለሆነ፣ የሾለከው ጋዝ እንደ ውሃ ወደ ታች ወርዶ በወለሉ ላይ ይጠራቀማል። ከዚያ በኋላ አንዲት የክብሪት ብልጭታ ትበቃዋለች። ስለዚህ የጋዙ ሲሊንደር ቀጥ ብሎ፣ ጋዙ ቢሾልክ ከጀልባው ወደ ውጭ ሊፈስ በሚችልበት ግልጽ ስፍራ መታሰር ይኖርበታል። ቱቦው መሹለክ አለመሹለኩ የሚታወቀው የሳሙና አረፋ ተቀብቶ ነው፤ አረፋው ከተነፋፋ ጋዙ ይሾልካል ማለት ነው። በክብሪት መሞከር ግን አደጋን በእጅ መጥራት ነው።

ነዳጁ ከተወሰነ በኋላ የምድጃው አሠራር ይመረመራል። በአንደኛ ደረጃ፣ ምድጃው ዝቅ ያለና እግሩ ሰፋ ያለ መሆን አለበት፤ ረጅምና ጠባብ ምድጃ በትንሽ ሞገድ ይገለበጣልና። በሁለተኛ ደረጃ፣ ከጀልባው ጋር በጥብቅ የሚታሰርበት መያዣ ያስፈልገዋል። በሦስተኛ ደረጃ፣ የፍርግርጉ ዳርና ዳር ከፍ ያለ ከንፈር ካለው ዓሣው እየተንሸራተተ አይወድቅም። በአራተኛ ደረጃ፣ ክዳን ሊኖረው ይገባል፤ ክዳኑ ነፋስን ይከላከላል፣ ቅባት ተቀጣጥሎ ነበልባል ሲነሣም አየር ነሥቶ ያፍነዋል። በመጨረሻም አመድና ቅባት የሚጠራቀምበት ሣህን ከሥሩ ያስፈልጋል። የማይዝግ ብረት ዋጋው ቢወደድም እርጥበትን ስለሚችል ይመረጣል።

ጥሩ ምድጃ መያዝ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። እንበልና ከደብረ ታቦር የመጡ ተማሪዎች በአንድ የሞተር ጀልባ ላይ ቆሮሶ ሊጠብሱ አሰቡ። መጀመሪያ ሊያስቡበት የሚገባው ሰዓቱን ነው። በጣና ላይ ብዙውን ጊዜ ውሃው በማለዳ ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋሱ እየበረታ ማዕበል ያስነሣል። ስለዚህ ጥብሱ በጠዋት ቢሆን ይሻላል። ቀጥሎም ሞተሩ ጠፍቶ መልሕቅ መጣል አለበት፤ በሚጓዝ ጀልባ ላይ እሳት አይነድም። መልሕቁ ከጀልባው ፊት ሲጣል ጀልባው ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል፤ ጢሱና ብልጭታው ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ለምድጃው የሚስማማው ስፍራ የጀልባው ኋላ ይመስላል። ይሁን እንጂ በብዙ ትንንሽ ጀልባዎች ሞተሩና የቤንዚኑ ዕቃ የሚገኙት በዚያው በኋላ በኩል ነው። ወደ ፊት ቢዛወር ብልጭታው በተቀመጡት ሰዎች ላይ አልፎ ወደ ቤንዚኑ ይነዳል፤ ወደ ኋላ ቢቀመጥም ከቤንዚኑ ጎን ይሆናል። እንዲህ ባለው ጀልባ ላይ ለምድጃ የሚሆን ስፍራ የለም ማለት ነው። ተማሪዎቹ ማድረግ ያለባቸው ወደ ዳር ጠጋ ብሎ መውረድና በየብስ ላይ መጥበስ ነው። ምግቡ የሚዘገየው በጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

ሁኔታው የሚያመች ከሆነ ደግሞ ጥብሱ እንደሚከተለው ይከናወናል። ዓሣው ተበልቶና ታጥቦ ውሃው በደንብ ይጠፈጠፋል፤ ጎንና ጎኑ በቢላዋ ተሰንጥቆ ጨው ይነሰነስበታል። ከሰል ከሆነ ነበልባሉ እስኪበርድና ፍሙ ነጣ ያለ አመድ እስኪለብስ ድረስ ይጠበቃል፤ ነበልባል ቆዳውን አሳርሮ ውስጡን ጥሬ ይተወዋል። ፍርግርጉ ግሎ ዘይት ከተቀባ ዓሣው አይጣበቅም። ሥጋው ነጥቶ ከአጥንቱ በቀላሉ ሲላቀቅ በስሏል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ሰው ከምድጃው አጠገብ አይለይም፤ ጉጠት፣ ክዳንና በአሸዋ የተሞላ ባልዲም በእጁ ቅርብ ይሆናሉ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለታቸው ለዚህ ነው። ሥራው ሲያበቃ ፍሙ በውሃ ርሶ፣ ተገላብጦ፣ መብረዱ ይረጋገጣል፤ ረመጥ በአመድ ተሸፍኖ ለብዙ ሰዓት ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላልና። አመዱም ወደ ሐይቁ ሳይደፋ ተጠራቅሞ ወደ የብስ ይመለሳል።

ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በአንድ ነገር ነው። ዝናብ ቢመጣ ወይም ብርድ ቢጸና ምድጃውን ወደ ጀልባው ዝግ ክፍል ማስገባት ከቶ አይፈቀድም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛም ጋዝ ይፈጥራል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ጢሱ ያለቀለት፣ ፍሙ የቀላ ከሰል ጉዳት የለውም የሚለው እምነት ሰውን የሚያዘናጋው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚታየው ጢስ ቢያልቅም የማይታየው ጋዝ አያልቅም። ኦክስጅንን በሰውነታችን ውስጥ የሚያመላልሰው የደም ክፍል፣ ሄሞግሎቢን፣ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ይህን ጋዝ ይይዛል። ሰውየው በመጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ከዚያም ጉልበቱ ይከዳዋል። ተኝቶ ከሆነ ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። እንደ ውሃ እያሳሳቀ የሚወስድ ጠላት ነው።

አሁን ከሐይቁ ወደ ጉና እንመለስ። ለጀልባው ዝግ ክፍል የተነገረው ምክንያት በደብረ ታቦርም ሆነ በሌላ ደጋ አገር በብርድ ሌሊት በርና መስኮቱ ለተዘጋ መኝታ ቤት በትክክል ያገለግላል። ለመሞቅ ተብሎ የገባ የከሰል ምድጃ በዚያ ቤት የሚሠራው ሥራ በጀልባው ውስጥ ከሚሠራው አይለይም። ስለዚህ ከመኝታ በፊት ምድጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። በከሰል የታፈነ ሰው ከተገኘም በርና መስኮት ተከፍቶ፣ ሰውየው በፍጥነት ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

በአጠቃላይ ምድጃ የሚመረጠው በውበቱ ወይም በዋጋው ሳይሆን በሚቆምበት ስፍራ ነው። ለዳር የሚበጀው ለጀልባ፣ ለደጅ የሚበጀውም ለመኝታ ቤት ላይበጅ ይችላል። ስፍራውን የመረመረ ሰው ጥብሱንም ሕይወቱንም ያተርፋል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. በሚነድ ቤንዚን ላይ ውሃ መድፋት ጉዳት ያለው ለምንድን ነው?
2. የሾለከ ቡታ ጋዝ ከየብስ ይልቅ በጀልባ ላይ የሚያሰጋው ስለምንድን ነው?
3. ተማሪዎቹ በየብስ ላይ እንዲጠብሱ የተመከሩበትን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
4. ጸሐፊው በመጨረሻ ከጀልባ ወደ መኝታ ቤት የተሻገረው ለምን ይመስላችኋል?

ለ. ለሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍች ስጡ፤ በየቃሉም አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
ረመጥ፣ ፍርግርግ፣ ገበቴ፣ ደንገል፣ ጉጠት

ሐ. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ከአድራጊ ወደ ተደራጊ ለውጡ።
ምሳሌ፦ ተማሪዎቹ ዓሣውን ጠበሱ። — ዓሣው በተማሪዎቹ ተጠበሰ።
1. የጀልባው ነጂ መልሕቁን ጣለ።
2. ልጅቷ የምድጃውን ክዳን ከፈተች።
3. ሰዎቹ የታፈነውን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱ።

መ. በቤታችሁ የሚገኝ አንድ መሣሪያ መርጣችሁ አመራረጡንና አጠቃቀሙን የሚያስረዳ ባለ ሦስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። ለእያንዳንዱ ምክር ምክንያቱን ማስከተልን አትርሱ።