ጅማት፣ ነርቭ፣ ቅንጅት፤ ስለ ፈቃዳዊ እንቅስቃሴ ስያሜዎች የቀረበ ማብራሪያ

«ጅማት» በአማርኛ በመጀመሪያ የሚያመለክተው ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውን ጠንካራ ገመድ መሰል አካል ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ቃል ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ተነሥቶ ወደ መላ አካል ለሚዘረጋው የትእዛዝና የስሜት መስመርም ሲነገር ይሰማል። «የጣቱ ጅማት ተቆረጠ» ተብሎ ቢጻፍ የትኛው ጉዳት እንደ ደረሰ አንባቢ ሊያውቅ አይችልም። ጣትን የሚያጥፈው ጅማት ሲቆረጥ ጣቱ አልታጠፍ ይላል፤ ቆዳው ግን ንክኪንና ሙቀትን ይለያል። የጣቱ ነርቭ ሲቆረጥ በአንጻሩ ጣቱ ይታጠፋል፤ ነገር ግን ይደነዝዛል። ሐኪሙ የሚሰፋው ነገር በሁለቱ ጉዳቶች አንድ አይደለም።

የጥንት ግሪኮችም ይህ ችግር ነበረባቸው። «ኔውሮን» በቋንቋቸው ጅማት፣ እንዲሁም የደጋን አውታር ማለት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ያስተማረው ሄሮፊሎስ ነርቭን ከጅማት ለይቶ ካሳየ በኋላ፣ አሮጌው ቃል ቀስ በቀስ ለአዲሱ ግኝት ተለቀቀ። እኛ «ነርቭ»ን የተዋስነው ልዩነቱ ከጠራ በኋላ ስለሆነ፣ «ጅማት»ን ለጥንት ባለቤቱ ትተን «ነርቭ»ን እንዳለ ብንይዝ እንመርጣለን።

ስያሜው ለምን እንደሚያስጨንቀን የእንቅስቃሴን ሂደት የተከተለ ይረዳዋል። አንድ ሰው ስኒ ሊያነሣ ሲወድ፣ በአንጎል ቅርፊት የሚገኙ የነርቭ ሕዋሳት ትእዛዝ ይሰዳሉ። የሕዋሳቱ ረጃጅም ክሮች አብዛኞቹ ከአንጎል ግርጌ፣ ወደ ኅብለ ሰረሰር ከመግባታቸው በፊት፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ ቀኝ እጅን የሚያዘው የአንጎል ግራ ክፍል የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ሁለተኛ ሕዋስ ትእዛዙን ተቀብሎ በራሱ ክር እስከ ጡንቻው ያደርሳል፤ ከክሩ ጫፍም አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ይመነጫል፣ ጡንቻውም ይኮማተራል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን ይህን ሁለተኛ ሕዋስ «የመጨረሻው የጋራ መንገድ» ብሎታል፤ ከየትም የመጣ ትእዛዝ በእርሱ በኩል ካላለፈ ጡንቻው ዘንድ አይደርስምና። የፖሊዮ ተሐዋሲ የሚያጠፋው ይህንኑ ሕዋስ ነው። እግሩ የሰለለ ልጅ ጅማቱ አልተበጠሰም፤ በሽታውን «የጅማት» ብሎ መጥራት ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

«ፈቃዳዊ» የሚለው ቅጽል ከመንጃ ፈቃድና ከዓመት ፈቃድ ጋር እየተምታታ ፈገግ ቢያሰኝም፣ በግእዝ «ፈቃድ» መውደድና መሻት ስለሆነ የሚነቀፍ አይመስለንም። ልብ ያለ ፈቃዳችን ትመታለች፤ እጅ በፈቃዳችን ይዘረጋል።

ይበልጥ የሚከብደው «ቅንጅት» ነው። ስኒውን ሳያፈሱ ለማንሣት ትእዛዝ ብቻውን አይበቃም። በጡንቻ ውስጥ ያሉ ስሜት ተቀባዮች ክንዱ የት እንደ ደረሰ በየቅጽበቱ ያስታውቃሉ፤ ከራስ ቅል በስተኋላ ያለው፣ «ንዑስ አንጎል» የምንለው ክፍልም የታሰበውን ከተደረገው ጋር እያስተያየ ያርማል። ይህ ክፍል የተጎዳበት ሰው ሽባ አይሆንም፤ እጁ ግን ስኒውን አልፎ ይሄዳል፣ ወይም ሊደርስበት ሲቃረብ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ «ትእዛዝ»ንና «ቅንጅት»ን እንደ ተመሳሳይ ቃላት የሚያፈራርቅ ተርጓሚ ሁለት ሕመሞችን ያደባልቃል።

«ቅንጅት» ከመቀናጆ ጋር ዝምድና አለው፤ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው የሚያርሱበት ልማድ ነው። ምስሉ ያማረ ቢሆንም በአንድ ነገር ይጎድላል። የተጠመዱ በሬዎች አብረው ይስባሉ፤ ክንድ ሲታጠፍ ግን የፊቱ ጡንቻ ሲኮማተር የኋላው እንዲላላ ኅብለ ሰረሰር ራሱ ይከለክለዋል። ለዚህ የመላላት ሥራ «ተገላባጭ ክልከላ» የሚል የተለየ ስያሜ እናቀርባለን፤ «ቅንጅት» ግን ለጠቅላላው አሠራር ይቆይ።