የነጋዴው ጣጣ ሁሉ በአንድ ክፍያ፦ ካሳራኒ ላይ ብናቋቁመውስ?

ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝን ሐሳብ ላጫውታችሁ። አንድ ትንሽ ነጋዴ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ እየከፈለ ግብር ማስታወቁን፣ የደመወዝ ሒሳቡን፣ ደረሰኙን፣ ፈቃድ ማሳደሱን በአንድ ቤት ቢያስጨርስስ? መነሻው አዲስ አይደለም። የህንዱ ዞሆ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 «ዞሆ ዋን» ብሎ ብዙ የቢሮ ፕሮግራሞችን በአንድ የደንበኝነት ክፍያ ጠቅልሎ መሸጥ ጀምሯል። ግን ለባለሱቅ ፕሮግራም መሸጥና ሥራውን ሠርቶ ማስረከብ ለየቅል ናቸው። እኔን የሚያጓጓኝ ሁለተኛው ነው። ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ላይ እናቋቁመው ብንል ምን ይገጥመን ይሆን?

ካሳራኒን ብዙዎቻችን የምናውቀው በስታዲየሙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች የተካሄዱበት፣ በ2021 ደግሞ ወጣቶቻችን በዓለም ከ20 ዓመት በታች ሻምፒዮና የሮጡበት ቦታ። ከስታዲየሙ ራቅ ብላችሁ ወደ ምዊኪ የሚወስደውን መንገድ ስትይዙ ግን ሌላ ካሳራኒ ታገኛላችሁ። ግራና ቀኙ የኪራይ ፎቅ ነው፤ ከፎቆቹ ሥር ፋርማሲ፣ ሥጋ ቤት፣ የሴቶች ፀጉር ቤት፣ የግንባታ ዕቃ መደብር፣ የኤም-ፔሳ ወኪል ተደርድሯል። እንዲህ ያለ ሰፈር ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመቸ ነው፤ ደንበኞቻችን በእግር የሚደረስባቸው ናቸውና።

ከእነዚህ ሱቆች የአንዷን ባለቤት እናስብ። ሁለት ሠራተኞች አሏት። የዓመት ሽያጯ ከ1 ሚሊዮን ሽልንግ በላይ፣ ከ25 ሚሊዮን በታች ነው። እንግዲያው ከጠቅላላ ሽያጯ 3% ግብር ትከፍላለች፤ ወሩ ባለቀ እስከ 20ኛው ቀን አስታውቃ። ለሠራተኞቿ ደግሞ ከደመወዝ የሚቆረጠው ግብርና የጡረታ መዋጮ አለ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የድሮውን የጤና መድን የተካው የ2.75% መዋጮ አለ። ከሠራተኛው 1.5%፣ ከአሠሪዋም ሌላ 1.5% የሚወሰድበት የቤቶች መዋጮ አለ። የደመወዙ ግብር ቀነ ገደብ 9ኛው ቀን ነው፤ መዋጮዎቹም እዚያው አካባቢ ያርፋሉ። የናይሮቢ ካውንቲ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። በዚህ ሁሉ ላይ ኢቲምስ የተባለው የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ መጣ። ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ በኢቲምስ ያልወጣ ደረሰኝ ለገዢው ድርጅት እንደ ወጪ አይያዝለትም፤ ስለዚህ ይህን ደረሰኝ መቁረጥ የማትችል ሱቅ ጅምላ የሚገዟትን ድርጅቶች ታጣለች።

እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ቀላል ነው። የሚያደክመው ብዛቱና የቀኑ መለያየት ነው። አንድ ቀን ማሳለፍም ያስቀጣል፤ የደመወዝ ግብርን አዘግይቶ ማስታወቅ ቢያንስ 10,000 ሽልንግ ያስከፍላል። ለትንሽ ሱቅ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው።

ዛሬ ይህን ሸክም የሚያግዛት ማን ነው? ኬንያ ውስጥ በየሰፈሩ «ሳይበር» የሚሉት ቤት አለ። ሰው ይገባል፣ የግብር ማስታወቂያ ያስሞላል፣ ኢ-ሲቲዝን በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ማመልከቻ ያስገባል፣ ፎቶ ኮፒ ያስነሳል፣ ከፍሎ ይወጣል። ሳይበሩን ከልቤ አከብረዋለሁ። የመንግሥት አገልግሎት ወደ ኢንተርኔት ሲገባ ኮምፒውተር የሌለውን ሕዝብ ይዞ የተሻገረው እሱ ነው። ሆኖም ሳይበር የመጣውን ያስተናግዳል እንጂ የቀረውን ደውሎ አይጠራም። እኛ የምንሸጠው ያንን ጥሪ ነው፤ ቀኑን ከባለሱቋ ይልቅ እኛ እናስታውሳለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በየወሩ ትንሽ አዋጥቶ በችግር ቀን ሙሉ አገልግሎት ማግኘትን እኛ ኢትዮጵያውያን ከእድር እናውቀዋለን። እድር የሚሠራው ግን ሐዘን በአንድ ቀን ሁሉንም ቤት ስለማያንኳኳ ነው፤ ድንኳኑ ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ ሌላው ደጅ ይተከላል። የግብር ቀን እንዲህ አይደለም። በ9ኛው ቀን የሁሉም ደንበኛ ድንኳን ባንድ ጊዜ ይፈለጋል! 300 ደንበኞች አሉን እንበል፤ የአንዱ ሥራ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሁሉም ወረቀታቸውን ይዘው በ8ኛው ቀን ቢመጡ 150 የሥራ ሰዓት ተቆለለ ማለት ነው። አምስት ሠራተኞች በቀን ስምንት ስምንት ሰዓት ቢሠሩ እንኳ ወደ አራት ቀን ይወስድባቸዋል፤ ቅጣቱ በዚያ መሀል ይመጣል። ያው 150 ሰዓት በ20 የሥራ ቀን ቢከፋፈልስ? በቀን ሰባት ሰዓት ተኩል፣ የአንድ ሰው ሥራ ይሆናል። እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚከስረውም የሚያተርፈውም እዚህች ላይ ይመስለኛል።

ታዲያ ሥራውን በወሩ ውስጥ እንዴት እንበትነው? መልሱን ያገኘሁት ከአከፋፈሉ ነው። የካሳራኒ ባለሱቅ ገቢዋን የምታየው በየቀኑ ነው፤ ዕቃም የሚገዟት በትንሽ በትንሹ ነው። በወር 1,500 ሽልንግ በሏት ፊቷን ታዞራለች፤ በቀን 50 በሏት ታስባበታለች። ለዚህ ናይሮቢ ራሷ ጥሩ አስተማሪ አላት፦ ኤም-ኮፓ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የፀሐይ መብራት የሸጠው በቀን 40 እና 50 ሽልንግ በኤም-ፔሳ እያስከፈለ ነው። ባንክ የሚያውቀውን ቋሚ የክፍያ ትእዛዝም ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2024 «ራቲባ» ብሎ ወደ ኤም-ፔሳ አምጥቶታል። እንግዲህ ባለሱቋ ማታ 50 ሽልንጓን ስትልክ የቀኑን ሽያጭና የደረሰኞቿን ፎቶ አብራ ትላክልን። ወሩ ሲያልቅ የሒሳቧ አብዛኛው ክፍል ተሠርቶ ያድራል። አንዲት የማታ ልማድ ገንዘቡንም መረጃውንም ይዛልን ትመጣለች።

«ሁሉን በአንድ» ስንል ግን ገደብ እናበጅ። ዕቃ ማመላለስና በዱቤ ማከፋፈል ቢጨመርበት ማለት ያጓጓል፤ እኔ አልነካውም። ሴንዲ የተባለው የናይሮቢ የጭነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ አቁሟል፤ ዕቃ እስከ ገጠር ያደርስ የነበረው ኮፒያ በ2024 በአስተዳዳሪ እጅ ወድቋል። ብዙ ካፒታል አሰባስበው ነበር፤ መኪናና መጋዘን ግን በጣም ይበላል። ለእኛ የቀን ቆጣሪነቱ ይበቃናል።

የይለፍ ቃል ነገርም አለ፤ ይሄኛው በእውነት ያሳስበኛል። ብዙ ሰው የግብር መለያ ቁጥሩንና የይለፍ ቃሉን ለሚሞላለት ሰው በወረቀት ጽፎ ይሰጣል። የ300 ሱቆችን ቁልፍ የያዘ ደብተር ቢጠፋ ምን ይውጠናል? በኬንያ ሕግ ፈቃድ ያለው የግብር ወኪል አለ፤ ነጋዴው በራሱ መለያ ገብቶ ይሾመዋል፣ ሲፈልግ ይሽረዋል። እ.ኤ.አ. የ2019 የመረጃ ጥበቃ ሕግም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ የምንቀጥረው ሰው ፈቃድ ያለው ወኪል ይሁን፤ የይለፍ ቃልም ማንም ቢሰጠን አንቀበል።

ወዳጆቼ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ «ስንት ደንበኛ ታገኛላችሁ?» ብለው ነው። እኔ ስንቱ ይቆያል የሚለው ይበልጥብኛል። ከ100 ደንበኞች በየወሩ 5% ቢለቁን በዓመቱ መጨረሻ 54 ብቻ ይቀሩናል፤ ግማሹን እንደገና ስንፈልግ ልንኖር ነው። ሰው የሚቆየው ደግሞ ከቅጣት የዳነበትን ቀን ካስታወሰ ነው። በየወሩ አንዲት አጭር መልእክት እንላክላት፦ ይህን አስታወቅንልሽ፣ ይህን ያህል ተከፈለ፣ ቅጣት የለብሽም።

ይህንን ወደ አዲስ አበባ ብናመጣው ስሌቱ ይለወጣል። የደረጃ ሐ ግብር ከፋይ ለዓመታት የኖረው ከሐምሌ 1 እስከ 30 ባለው ጊዜ እየከፈለ ነው፤ ጭንቁም ሰልፉም በዓመት አንዴ። የዓመት አንዴ ጭንቅ ይዞ በየቀኑ አስከፍሎ ማቆየት እጅግ ይከብዳል። ካሳራኒን የመረጥኩት የኬንያ ቀጠሮ ወር በወር ስለሚመላለስ ጭምር ነው።

ምዝገባው መቼ ይከፈት? እኔ በወሩ 21ኛው ቀን እላለሁ። የ20ኛው ቀን ሩጫ ገና ከባለሱቋ ትከሻ አልወረደም፤ ስለምን እንደምናወራ ሳናስረዳት ይገባታል። ለእኛም እስከሚቀጥለው 9ኛ ቀን ድረስ ወደ 18 ቀን ይኖረናል፤ ወኪል ለመሾም፣ የሠራተኞቿን ስም ለማስገባት፣ የማታዋን ልማድ ለማስጀመር።