የዘመድ ወጌሻና የጠበቀ ማሰሪያ

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ዙሪያ ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር፣ ወይም ጎልማሳ ከሞተር ሳይክል ወድቆ እግሩ ሲታጠፍ፣ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ ሰው የሚልከው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው አብዛኛውን ጊዜ ባዳ አይደለም። አጎት ነው፣ በእናት ወገን የሚቆጠር ሽማግሌ ነው፣ ካልሆነም ቡና የሚጠራሩት ጎረቤት ነው። ሙያውን ከአባቱ ወይም ከአያቱ እጅ እያየ ቀስሞታል። እኩለ ሌሊት ቢጠሩት ይነሳል፤ ከዘመድ ገንዘብ መቀበልም ያሳፍረዋል። ወለምታ ያሻል፣ የወለቀ ትከሻ ይመልሳል፣ የተሰበረ አጥንት አቃንቶ ያስራል። ከሚያክማቸው ብዙዎቹ ድነው ወደ እርሻቸውና ወደ ትምህርት ቤታቸው ይመለሳሉ። ጥቂቶቹ ግን በሳምንቱ ወይም በአሥረኛው ቀን ጣታቸው ጠቁሮ ሆስፒታል ይደርሳሉ፤ ሐኪሙ የሚሰጣቸው መልስም መቁረጥ ብቻ ይሆናል። ከእነዚህ አብዛኞቹን ለዚህ ያበቃቸው ከስብራቱ ይልቅ ማሰሪያው ነው። ስለዚህም ከወጌሻው ልንጠይቀው የሚገባን ትልቁ ነገር ሙያውን እንዲጥል ሳይሆን ያሰረውን ተመልሶ እንዲያይና በጊዜው እንዲያላላ ይመስለኛል።

ማሰሪያው ራሱ መታወቅ ያለበት የእጅ ሥራ ነው። የጉራጌ ደጋ ቀርከሃ ያበቅላል፤ ቀርከሃ ደግሞ ቀላል፣ ጠንካራና በቀላሉ የሚሰነጠቅ ነው። ወጌሻው በጣት ስፋት ሰንጥቆ ጠርዙን በቢላዋ ይልጋል፣ በክንዱ ወይም በቅልጥሙ ልክ ይቆርጠዋል፣ ከዚያ ስንጥሮቹን ጎን ለጎን ደርድሮ በቃጫ ወይም በጨርቅ ቅዳጅ እያያያዘ እንደሚጠቀለል ምንጣፍ ያደርጋቸዋል። ቃጫው ከደጅ ካለው እንሰት የተፋቀ ሊሆን ይችላል። ስብራቱን ጎትቶ ካስተካከለ በኋላ በቅቤ ያሸዋል፣ ጨርቅ ያለብሰዋል፣ ምንጣፉን ዙሪያውን ጠቅልሎ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ይሸነቁጠዋል። በዚህ ሥራ ውስጥ እውነተኛ እውቀት አለ። ቀርከሃው አጥንቱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ አየር ያስገባል፣ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል፤ በውስጡ ያለው አካል ሲያብጥ አብሮ አይሰፋም።

የተሰበረ አጥንት በራሱ የሚገጥም ነገር ነው። ደም እስካገኘና ከመነቃነቅ እስከተጠበቀ ድረስ የልጅ ክንድ በሳምንታት፣ የአዋቂ ቅልጥም በወራት ይጠግናል። ወጌሻውም ሆነ በጀሶ የሚያስረው ሐኪም ተፈጥሮ ሥራዋን እስክትጨርስ አጥንቱን በቦታው ይዘው ይጠብቃሉ እንጂ አጥንት አይሠሩም። የጉራጌ እናቶች ለተሰበረ ሰው ጓርየ፣ አስታራ ወይም ቅብናር የሚባለውን የእንሰት ዓይነት መርጠው፣ አሚቾ የሚባለውን ሥሩን ቀቅለው ከወተት ጋር ያበሉታል። እነዚህ ዝርያዎች ለስብራት ይሆናሉ ተብለው በየጓሮው ተለይተው የሚጠበቁ ናቸው። ታማሚን በወተትና በአሚቾ መመገብ መልካም ነው፤ ሰውነት ለጥገና ምግብ ይፈልጋልና። የተዘጋን የደም ሥር ግን የትኛውም አሚቾ አይከፍተውም።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከታሰረ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው። ስብራት ባለበት ቦታ ደም ይፈሳል፣ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ እብጠቱ በተለይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል። የክንድና የቅልጥም ጡንቻዎች ደግሞ የማይለጠጥ ስስ ሽፋን በለበሱ ክፍሎች ተከፋፍለው ስለተቀመጡ፣ ውስጡ ሲያብጥ መተንፈሻ የላቸውም። በዚያ ላይ ከውጭ ጠንካራ ማሰሪያ ሲጨመር ግፊቱ መጀመሪያ ደም ወደ ልብ የሚመልሱትን ሥሮች፣ ቀጥሎም ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ይዘጋል። ደም ያጣ ጡንቻ ስድስት ሰዓት ገደማ ካለፈው ወደነበረበት ለመመለስ ይቸገራል፤ ነርቭም አብሮ ይጎዳል። ወጌሻው ከሰዓት በኋላ አስሮ ወደ ቤቱ ሲሄድ ማሰሪያው ልክ ነበረ። ሌሊት ላይ ግን ማሰሪያው ሳይነካ እግሩ ወፈረ፤ ልክ የነበረው አንቆ ያዘ። ወጌሻው የሚመለሰው ደግሞ በሳምንቱ ነው።

የዘመድ ፍቅር በዚህ ሰዓት ነው ጉዳት ላይ የሚያግዘው። ታማሚው ሌሊቱን ሲያቃስት አልጋውን የከበቡት ሁሉ «አይዞህ፣ ቻል አድርገው፣ አጥንቱ እየገጠመ ነው» ይላሉ። ሥቃይ የመዳን ምልክት ተደርጎ ይተረጎማል፤ ማሰሪያውን ማላላት ደግሞ የወጌሻውን ድካም ማበላሸትና አጥንቱን ማጣመም ይመስላቸዋል። በማግስቱ ልጁ ማልቀሱን ሲያቆም ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ይህ ዝምታ ነው፤ ነርቩ ሲደነዝዝ ሥቃዩም ይጠፋልና። ይህን ለማወቅ የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም። ከማሰሪያው ወጥቶ የሚታየውን የጣት ጥፍር በአውራ ጣት ተጭኖ መልቀቅ ነው፤ ጥፍሩ ነጥቶ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀልቶ መመለስ አለበት። ጣቶቹን ቀስ ብለው ሲዘረጉለት ልጁ ከሚገባው በላይ ከጮኸ፣ ጣቱ ከሌላኛው እጅ ይልቅ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ማንቀሳቀስ ካቃተው፣ ማሰሪያው በዚያው ደቂቃ ከላይ እስከ ታች መፈታት አለበት። የጠመመ አጥንት በኋላም ሊቃና ይችላል። የሞተ ጡንቻ ግን አይመለስም።

ይህን ሁሉ የገጠር አላዋቂነት ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። የደች ጦር ሐኪም አንቶኒየስ ማቲይሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የጀሶ ፋሻን ካስተዋወቀ በኋላ የአውሮፓ ሐኪሞችም በዚሁ መንገድ የሰው እጅ አበላሽተዋል። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 ከጠበቀ ማሰሪያ በኋላ ጣቶች እንደ አሞራ ጥፍር ታጥፈው የሚቀሩበትን ሁኔታ ገልጾ፣ መንስኤው የደም እጦት መሆኑን ጻፈ፤ ጉዳቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በዚያን ጊዜ ያስሩ የነበሩት ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ሰዎች ነበሩ። ዛሬም በሆስፒታል የታሰረ ጀሶ ሊያንቅ ይችላል። ሐኪሙ ከወጌሻው የሚለየው ይህን አደጋ አስቀድሞ በመፍራቱ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዙሪያውን የሚዘጋ ጀሶ ትቶ በግማሽ ጀሶ ይደግፋል፣ የታሰረውን አካል ከፍ አድርጎ ያስቀምጣል፣ በማግስቱም ተመለሱ ይላል። ይህ ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ቀርከሃ ለሚያስረውም ሰው ሊሰጥ ይችላል።

ለዚህ ሐሳብ የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሐኪሞች የሚመጣ ነው። በየጊዜው የጠቆረ እግር የሚቆርጥ ሐኪም ወጌሻን ማሠልጠን አደጋን ሕጋዊ ማድረግ ነው፣ መከልከል ነው ያለበት ቢል አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ ክልከላ የሚሠራው ሌላ በር ክፍት ሲሆን ነው። የአጥንት ስፔሻሊስት በአብዛኛው የሚገኘው አዲስ አበባና ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ነው፤ ወልቂጤ ከዋና ከተማው 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፣ ቡታጅራም ብትሆን ከ130 ኪሎ ሜትር አታንስም። ከሁለቱ ከተሞች ርቆ ላለ ቀበሌ ራጅ የሚነሳበት ቦታ መድረስ ራሱ የአንድ ቀን ጉዞና የመኪና ኪራይ ነው። ከዚያም በላይ ሰው ሆስፒታልን «ይቆርጡታል» ብሎ ይፈራል። ዘግይቶ ስለሚሄድ ይቆረጣል፤ ስለተቆረጠም ቀጣዩ ሰው ይበልጥ ይዘገያል። ክልከላ ይህን ፍርሃት ከማባባስና ወጌሻውን ወደ ጓዳ ከማስገባት በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። የ1993 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ጤና ፖሊሲም ቢሆን የባህል ሕክምና ጠቃሚ ጎኑ እንዲጠናና እንዲጎለብት እንጂ እንዲጠፋ አላለም።

ሥልጠና ለመጥቀሙ ደግሞ የአገር ውስጥ ማስረጃ አለ። ዶክተር መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ለወጌሻዎች አጭር ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በማሰሪያ ምክንያት የሚደርሰው የእጅና የእግር መቆረጥ መቀነሱን አሳይተዋል። አዲስ ማሽን አልተገዛም፣ አዲስ ሆስፒታልም አልተሠራም። ርቀትን ታሳቢ ያደረገ ሕክምና ምን ያህል እንደሚያዋጣ ደግሞ የጉራጌ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1969 በካቶሊክ የሕክምና ሚሲዮን እህቶች የተቋቋመው፣ ከወልቂጤ ብዙም የማይርቀው የአጣጥ ሆስፒታል ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለአስቸጋሪ ወሊድ የተጋለጡ እናቶች ቀናቸው ሲደርስ መጥተው የሚቆዩበት ማረፊያ አለው። በዚያ ማረፊያ ቆይተው የወለዱት እናቶች ሞት፣ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ በቀጥታ ከመጡት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ መሆኑን ለሁለት አሥርተ ዓመታት የተሰበሰበው መረጃ ያሳያል። ሆስፒታሉ ችግሩን የፈታው የገጠሯን እናት ለምን ዘገየሽ ብሎ በመውቀስ አልነበረም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወዲያኛው ወገን፣ ከቤተሰብ ነው፤ «የኛ ወጌሻ ስንቱን አድኗል፣ አንድም ሰው አልተበላሸበትም።» ይህ በቅንነት የሚነገር ነው፤ ግን የሚቆጠረው የዳነው ብቻ ነው። ልጆች ላይ ከሚደርሱት ስብራቶች ብዙዎቹ ከቦታቸው ያልተንሸራተቱ የእጅ አንጓ ስብራቶች ናቸው፤ በልኩ የደገፋቸው ሁሉ ያድናቸዋል። የተበላሸበት ሰው ግን ወደ ወጌሻው አይመለስም። ሆስፒታል ይሄዳል፣ ዘመድ ነውና ይሉኝታ ይዞት ወቀሳም አይልክበትም፤ ሰው ሲጠይቀውም የአላህ ወይም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ይላል። በዚህ የተነሳ ወጌሻው ስህተቱን ሳያይ ያረጃል፣ ያንኑ አሠራርም ለልጁ ያወርሳል። ይሉኝታችን ለእሱ ክብር የሰጠን ይመስለናል፤ በእውነቱ ግን ከሙያው ዋናውን ትምህርት እየነፈግነው ነው።

ወጌሻና ዘመናዊ ሕክምና አብረው መሄድ እንደሚችሉ የሌላው ዓለም ታሪክም ይመሰክራል። የእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና አባት የሚባለው ሂው ኦውን ቶማስ ከዌልስ የወጌሻ ዘር የመጣ ነው። አባቱ ኢቫን ቶማስ በሊቨርፑል ዲግሪ የሌለው ታዋቂ ወጌሻ ነበር፤ በሐኪሞች ክስ ሲንገላታ ኖሮ ልጆቹን ሕክምና አስተማራቸው። ሂው የነደፈው የእግር ደጋፊ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጭናቸው የተሰበረ ወታደሮችን ሞት በእጅጉ እንደቀነሰ ይነገርለታል። በቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ የቲያንጂን ከተማ ሐኪም ፋንግ ሺያንጂ የባህሉን ትንንሽ የእንጨት ማሰሪያ ከራጅና ከዘመናዊ ክትትል ጋር አቀናጅተው አጥንተውታል። በቻይናው አሠራር የማሰሪያው ገመድ በጣት ሲገፋ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ወደላይና ወደታች መንቀሳቀስ አለበት፤ ካልተንቀሳቀሰ ጠብቋል፣ ከዚያ ካለፈ ላልቷል። ይህን የቡታጅራ ወጌሻ በአንድ ጠዋት ሊማረው ይችላል፤ ገመዱንም ቀርከሃውንም መቀየር አያስፈልገውም።

ወጌሻው ጭራሽ የማይነካቸውም አሉ፤ በዚህ ላይ መደራደር አይገባም። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣ ስብራት በቅቤ አይታሽም፤ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ያን ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። የልጅ ክንድ ከክርኑ ከፍ ብሎ ከተሰበረ የተሰበረው አጥንት ዋናውን የክንድ ደም ሥር ሊጫነው ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ማሸትም ማሰርም አደጋ ነው። የጭን አጥንት ብዙ ደም ወደ ውስጥ ያፈሳል፤ አንገትና ወገብ ሲጎዳም ሰውየው ሳይጠማዘዝ በጣውላ ላይ ተኝቶ መሄድ አለበት። ለእነዚህ የወጌሻው ሥራ ደግፎ መላክ ነው፤ ያ ደግሞ ትንሽ ሥራ አይደለም፤ ቤተሰቡ ከሐኪሙ ቃል ይልቅ የእሱን «ቶሎ ውሰዱት» ይሰማልና። በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማን ወጌሻ እንደሆነ በስም ታውቃለች፤ ሥልጠናውን በእሷ በኩል መጀመር ይቻላል። ሆስፒታሎቹም በበኩላቸው ወጌሻው የላከውን ታማሚ ሲቀበሉ ራጁን ጠርተው ያሳዩት፤ አጥንቱ የት እንደተሰበረ፣ እሱ ጎትቶ ያቃናው ምን ያህል እንደገጠመ በዓይኑ ይይ። ታማሚው ሲወጣም ለክትትል ወደ እሱ ይላክ፤ ጀሶው የሚፈታበት ቀንና የሐኪሙ ስልክ በወረቀት ተጽፎ አብሮ ይሂድ።