ሕፃናትን የግጥም ዓይነቶች ስለ ማስተማር



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለአንዳንዱ ሰው የጨዋታ ነገር መስሎ ሊታየው ይችላል። ይኸውም ሕፃናት በልዩ ልዩ ዓይነት ግጥም መጻፍን እንዲማሩ ስለ ማድረግ ነው። ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ሲያረቅና መዝገብ ሲያገላብጥ ውሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ልጁ የሂሳብ ደብተሩን ገለል አድርጎ ግጥም ሲጽፍ ቢያገኘው፣ «ይህ ደግሞ ምን ሊጠቅምህ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው የአሳቢ አባት ጥያቄ ስለ ሆነ መልስ ይገባዋል።

የመጀመሪያው መልስ ቀላል ነው። ግጥም የሚጽፍ ልጅ ቃልን መመዘን ይማራል። በአንድ ስንኝ ውስጥ የሚገባው ቃል የተወሰነ ስለ ሆነ፣ የማያስፈልገውን መጣል፣ የሚያስፈልገውን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ግማሽ ገጽ በሚበቃው ጉዳይ ሦስት ገጽ የሚሞላ ጸሐፊ ምን ያህል ሥራ እንደሚያጓትት በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ እናንተ ታውቃላችሁ። ሁለተኛው መልስ ግን ከዚህ የከበደ ነው፤ እርሱንም ለማስረዳት ወደ ሐረር ከተማ መሄድ ያስፈልገናል።

ሐረር በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ የከበባት ከተማ ናት። ጀጎል የሚባለው ይህ ግንብና በውስጡ ያለው ጥንታዊ ከተማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ግንቡ አምስት ጥንታውያን በሮች አሉት። በእነዚህ በሮች የሚገባውና የሚወጣው ግን ቡናና ጫት፣ እህልና ጨርቅ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋም ነው። በጀጎል ውስጥ ሐረሪ ይነገራል፤ ከገጠር ወደ ገበያ የሚመጣው ሕዝብ ኦሮምኛ ይናገራል፤ አማርኛ በመንገዱም በቢሮውም ይሰማል፤ ከምሥራቅ የሚመጣው ነጋዴ ሶማሊኛ ይዞ ይገባል፤ የቁርአን ልጆች ደግሞ ዐረብኛ ያነባሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሦስት ልጆች፣ ከየእናታቸው የሰሙት እሹሩሩ በሦስት ቋንቋ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ መምህሩ «ግጥም ጻፉ» ብሎ ሲያዝ፣ ከእነዚህ ልጆች እያንዳንዱ በጆሮው ውስጥ የሚሰማው ዜማ አንድ አይደለም። በአማርኛችን የስንኝ መጨረሻ ሲስማማ «ቤት መታ» እንላለን። ቤት ማለት መኖሪያም ነው፤ የግጥም መድረሻም ነው። ልጁ በግጥሙ ቤት እንዲመታ የሚፈልግ መምህር፣ አስቀድሞ ልጁ ከየትኛው ቤት እንደ መጣ ማወቅ ይኖርበታል። እስቲ እነዚህን ቤቶች በአጭሩ እንመልከታቸው።

ከአብያተ ክርስቲያናችን የወረስነው ቅኔ ከሁሉ ይልቅ በደረጃ የተከፋፈለ ትምህርት አለው። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት በሚያልቀው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያም ባለ ሦስት ቤት ወደ ሆኑት ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ፣ ባለ አምስት ቤት ወደ ሆነው ወደ ዋዜማ፣ ባለ ስድስት ቤት ወደ ሆነው ወደ ሥላሴ፣ ባለ ስምንት ቤት ወደ ሆነው ወደ መወድስ እያለ ይወጣል። በመጀመሪያ የሚፈለግበት ልኩን መጠበቁ ነው፤ ምሥጢሩ ቀስ በቀስ ይከተላል። የተማረውን ይዞ ወደ ጥላ ሥር ወይም ወደ ጫካ ገለል ብሎ ያስባል፤ ያሰበውን ለየኔታ ያሰማል፤ የኔታም ያርሙለታል። በእነዚህ መምህራን ዘንድ ግጥም በዕድል የሚመጣ ሀብት ብቻ ሳይሆን በደረጃ የሚማሩት ሞያ ነው።

ሐረሪዎች ደግሞ ዚክሪ አላቸው። አንዱ ይመራል፣ ጉባኤው ይቀበላል፤ ከረቡ የተባለው ከበሮና ከበል የተባለው የእንጨት ማጨብጨቢያ ልኩን ይጠብቃሉ። በ18ኛው መቶ ዓመት የነበሩት የሐረር ሊቅ ሼኽ ሃሺም ፈትሑ ረሕማኒ በተባለው መጽሐፋቸው፣ በዐረብኛው መካከል በሐረሪ ቋንቋ የተገጠመ ውዳሴም አስገብተዋል። ከረመዳን ቀጥሎ ያለው የስድስት ቀን ጾም ሲፈታ የሚከበረው የሹዋሊድ በዓል፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይለይ ሕዝቡ በዜማ የሚሰበሰብበት ነው፤ ይህ በዓል በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። የሐረሪ ልጅ ስለ ግጥም የሚያውቀው የመጀመሪያው ነገር እንግዲህ መምራትና መቀበል ነው።

የኦሮሞ ልጅ ጌራርሳን ሰምቶ ያድጋል። በኦሮምኛ ግጥም ሁለት ስንኞች ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ አንዱ የሌላውን አነጋገርና ድምፅ ይከተላል፤ አንዳንድ ጊዜ የፊተኛው ስንኝ ለድምፁ ብቻ ይቆምና ቁም ነገሩን የኋለኛው ይሸከመዋል። በሶማሊኛ ደግሞ ግጥሙ የሚታሰረው በመጨረሻው ሳይሆን በመነሻው ድምፅ ነው፤ ገጣሚው አንድ ድምፅ ከመረጠ፣ በዚያ ድምፅ የሚጀምር ቃል እስከ ግጥሙ ፍጻሜ ድረስ በየስንኙ መመለስ አለበት።

ከዚህ በኋላ የመምህሩ ስሕተት ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ይሆናል። ግጥም ማለት ቤት የመታ አማርኛ ብቻ ነው ብሎ የሚያስተምር እንደ ሆነ፣ በቤቱ ጌራርሳ ወይም ዚክሪ የጠገበው ልጅ «እኔ ግጥም የለኝም» ብሎ ያምናል። ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ለዚህም የሐረርጌውን ሼኽ በክሪ ሳጳሎን ማስታወስ ይበቃል። እኒህ ሰው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የተወለዱ፣ በየመንደሩ ሕፃናትን ያስተማሩ፣ በኦሮምኛና በዐረብኛ የገጠሙ ሊቅ ነበሩ። በ1956 ለኦሮምኛ የሚስማማ ፊደል ፈጠሩ፤ የጊዜው ባለ ሥልጣናት ግን በበጎ ዓይን አላዩትም። በኋላም ከአገር ተሰደው በ1980 በሶማሊያ በስደተኞች ሰፈር አረፉ። በወረቀት የመስፋፋት ዕድል ያላገኘ ግጥም የሚኖረው በሰሙት ልጆች ጆሮ ነው። ልጆቹ እንዲንቁት ከተማሩ ግን የሚያድርበት ያጣል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ።

በመጀመሪያ ልጆች ልክን በእጅ ጭብጨባ ይማሩ። ፊደል በመቁጠር ግን አይደለም፤ የሚቆጠረው ድምፅ ነው። «ሐረር» ሲጻፍ ሦስት ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን «ሐ-ረር» ተብሎ ሁለት ጊዜ ብቻ ይጨበጨባል። «ጀጎል»ም እንዲሁ ነው። ይህን ያልተረዳ ልጅ ደብተሩ ላይ ልኩ ሞልቶለት ሲያነበው ይጎድልበታል።

ቀጥሎ አንድ ሐሳብ ይሰጣቸውና ያንኑ ሐሳብ ከአንዱ ልክ ወደ ሌላው ያዛውሩት። ለምሳሌ ያህል ሐሳቡ «በማለዳ የከተማው በር ሲከፈት የቡና ሽታ ይሰማል» የሚል ይሁን። ልጆች በሆያ ሆዬ በሚያውቁት፣ አራት አራት ድምፅ ባለው ቡሄ በሉ በሚባለው ልክ እንዲህ ይሆናል፤

በሯ ሁሉ ሲከፋፈት፣
ቡናው ገባ ሰተት ሰተት።

አምስት አምስት ድምፅ ወዳለው ወደ ሰንጎ መገን ሲዛወር፤

አምስቱ በሯ ገና ሲከፈት፣
ቡናው ሸተተ ገብቶ በየቤት።

ስድስት ስድስት ድምፅ ባለው በየወል ቤት ደግሞ፤

የሐረር አምስት በር ማለዳ ሲከፈት፣
የቡናው መዓዛ ይገባል በየቤት።

ሐሳቡ አንድ ሲሆን፣ የመጀመሪያው እንደ ልጅ ይዘላል፤ የመጨረሻው እንደ አዋቂ ይራመዳል። ልጁ ይህን ልዩነት በራሱ አፍ ከሰማ፣ ልክ ማለት የሐሳብ አካሄድ እንጂ እስራት አለመሆኑን ያለ ስብከት ያውቀዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስምንት ስምንት ድምፅ ያለውን ረጅም ስንኝ ስላዘወተረ ልኩ በስሙ «የጸጋዬ ቤት» ተብሏል፤ ልጆችም አዲስ ልክ መሞከር የተፈቀደ መሆኑን ከዚህ ይረዱ።

በሦስተኛው ደረጃ የጎረቤትን ቤት ይጎብኙ። የሶማሊኛውን መንገድ ሊሞክር የሚወድ ክፍል አንድ ድምፅ ይምረጥ። «በ» እና «የ» አይመረጡ፤ ከስም ሁሉ ፊት ስለሚቀጠሉ ሥራው ይረክሳል። «ጀ» ግን ደኅና ናት፤ «ጀንበሯ ለጀጎል ጀርባዋን ሰጠች» የሚል ስንኝ ይገኝባታል። የሐረሪውን መንገድ ሲሞክሩ አንዱ ልጅ የመሪውን ስንኝ ይጻፍ፤ ክፍሉ በሙሉ አንድ መቀበያ ይስጠው። የኦሮምኛውን ሲሞክሩ የቋንቋው ልጅ መምህር ይሁንና ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ ስንኞችን ለጓደኞቹ ያሰማ፤ ትርጉሙንም ይንገራቸው። እስከ ትናንት አማርኛ ስለሚያዳግተው ከኋላ ይቀመጥ የነበረው ልጅ፣ በዚያች ሰዓት ክፍሉ የሚጠይቀው ሰው ይሆናል።

በፊደል ተራ የሚሄድም አለ። የዳዊት መዝሙር 118 አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ በዕብራይስጥ ፊደል ተራ የተከፋፈለ መሆኑን ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቃል። ልጆችም «ጀ፣ ጎ፣ ል» ብለው ወደ ታች ይጻፉና በየፊደሉ አንድ ስንኝ ይጀምሩ፤

ጀንበሯ ስትጠልቅ፣
ጎረቤት ሲጣራ፣
ልጅ ይሮጣል ወደ እራቱ።

ቤት አልመታም፤ ግን ግጥም ነው። ጃፓኖችም አምስት፣ ሰባት፣ አምስት ተብሎ በ17 ድምፅ የሚያልቅ፣ ቤት የማይመታ አጭር ግጥም ለልጆቻቸው ያስተምራሉ።

«ልክ ማስተማር የልጁን መንፈስ አያስርምን?» የሚል ቢኖር፣ ሐረር ራሷ አንድ ምስክር አላት። ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ በ1854 ተወልዶ፣ በተማሪ ቤት ሳለ የላቲን ግጥም በጥብቅ ልክ መጻፍን ተምሯል፤ በ1869 ገና በ14 ዓመቱ በላቲን ግጥም ውድድር አንደኛ ሽልማት አግኝቷል። በፈረንሳይኛም የገጠመው በመጀመሪያ ስድስትና ስድስት ድምፅ ባለው ስንኝ ነበር፤ ይህም ከእኛው የወል ቤት ጋር በቁጥር ይገጥማል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንን ልክ ሰብሮ የፈረንሳይን ግጥም የለወጠው ይኸው ልጅ ነው። በ1880 ሐረር ሲገባ ግን ግጥምን ትቶ ነጋዴ ሆኖ ነበር፤ በከተማይቱም በስሙ የሚጠራ ቤተ መዘክር አለ። ልክን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው የትኛውን ቢጥል ምን እንደሚያተርፍ ያውቃል። ያልተማረው ግን የጣለ ይመስለዋል እንጂ የሚጥለው የለውም።

በመጨረሻ ለወላጆችም ለመምህራንም ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ልጅ ሁሉንም ስንኝ በ«ነው» እና በ«ናት» ቢጨርስ አትቆጡት፤ «ነው ሳትል ድገመው» በሉት፤ ስምና ቅጽል ፍለጋ ሲሄድ ቋንቋው ይሰፋል። ሁለተኛ፣ ለወላጆች በዓል የሚነበበውን ግጥም አባት ጽፎ ልጅ እንዲያነበው አይደረግ። ያ ግጥም ቢጨበጨብለትም ልጁ የሚማረው የሌላውን ቃል የራሱ አስመስሎ ማቅረብን ነው፤ ይህም በኋላ በመሥሪያ ቤት የሚያስከትለውን ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። ሦስተኛ፣ ልጁ የጻፈውን ሲያሳያችሁ ከስሕተቱ በፊት ያየውን ነገር ጠይቁት። «የቡናው ሽታ እውነት እስከ ቤታችን ይደርሳል?» ብሎ የጠየቀ አባት፣ ልጁ ነገ አፍንጫውን አቅንቶ እንዲወጣ ያደርገዋል።

ልጅ የቤቱን ዜማ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይምጣ፤ ሲመለስም የጎረቤቱን ዜማ ይዞ ይግባ። አንዱ የሌላውን ግጥም ልኩን ጠብቆ መጻፍ የቻለ ተማሪ፣ ነገ በአንድ መሥሪያ ቤት አብሮት ሲቀመጥ ንግግሩን ለመስማት አይቸገርም።