ውስጥ እግርን ማን ያየዋል?

ቦብ ማርሊ የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የነበረው ቁስል ኳስ ሲጫወት የደረሰበት ጉዳት ይመስለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ሲመረመር ሜላኖማ የተባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ፤ ስንብቱም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ተፈጸመ።

ይህን በሽታ የቆዳ ስፔሻሊስት ጋ ሳይደርሱ ቀድሞ ማወቅ ይቻላል? ጥያቄው ዛሬ የመጣ አይደለም። በ1985 የኒውዮርክ ሐኪሞች ማንም የሚያስታውሰው መመዘኛ አወጡ፦ ሁለት ጎኑ የማይመሳሰል፣ ጠርዙ የተዘበራረቀ፣ ቀለሙ የተደበላለቀ፣ ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር የበለጠ ነጥብ ያጠራጥራል። በ2004 "የሚለዋወጥ" የሚል ተጨመረበት። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይኸው ነው፤ ማስመሪያ አይፈልግም። እናቶቻችን "ማርያም ስማው ነው" የሚሉት የልደት ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ በአርባ ዓመት ብቅ ያለውን ግን ማርያም ላይ ማሳበብ አይገባም።

ችግሩ መመዘኛው ነጭ ቆዳ ላይ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ መሆኑ ነው። ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ ብርቅ ቢሆንም በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው፤ የሚታወቀውም ዘግይቶ ነው። ብዙ ጥፍር ላይ የሚታይ ጥቁር መስመር በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ፣ ጥቁረቱም ወደ ዙሪያው ቆዳ የፈሰሰ መስመር ግን ሌላ ነገር ነው። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው፤ የእነርሱ ጠላት ፀሐይ ስለሆነ ከንፈር፣ ጆሮና አንገት ላይ የማይድን ቁስል መታየት አለበት።

ሰውን ሁሉ መመርመርስ? ጀርመን ከ2008 ጀምሮ 35 ዓመት የሞላቸውን በየሁለት ዓመቱ ለቆዳ ካንሰር ትመረምራለች፤ ሥልጠና የወሰደ የቤተሰብ ሐኪምም ይመረምራል። የአሜሪካ የመከላከል ባለሙያዎች ቡድን በ2023 ምልክት የሌለውን ሰው ሁሉ እንዲህ መመርመር ይጠቅማል ወይም ይጎዳል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ይህ ግን ለውጥ ያየ ሰው ዝም ይበል ማለት አይደለም። የስልክ መተግበሪያዎችስ? በ2015 የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ "ሜላኖማ እንለያለን" ባሉ ሻጮች ላይ ማስረጃ የላችሁም ብሎ እርምጃ ወስዷል። ከዚያ ወዲህ መተግበሪያዎቹ ጎብዘዋል፤ የተማሩባቸው ፎቶዎች ግን በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ናቸው።

ስለዚህ እግር ሲታጠቡ ተረከዝንና የጣቶችን መሃል ማየት፣ ወር አልፎት ያልዳነ ቁስል ሲገኝ ናሙና የሚወሰድበት ጤና ተቋም መሄድ ይሻላል። ካንሰሩን አረጋግጦ የሚለየው ማይክሮስኮፕ ነው፤ ነጥቡን አስቀድሞ በአሲድ ወይም በእሳት ማቃጠል ፓቶሎጂስቱ የሚያየውን ያጠፋበታል።