ክታቡ ለንደን፣ አንባቢው ጎጃም

ለንደን፣ ዩስተን መንገድ ላይ ያለው የዌልካም ቤተ መጻሕፍት በሕክምና ታሪክ ስብስቡ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። በግእዝ የተጻፉ የኢትዮጵያ ብራናዎችም በውስጡ ይገኛሉ። ብራናዎቹን እንደ ባለቤት የሚያነቧቸው ሊቃውንት ያሉት ግን እዚህ፣ በየአድባራቱ ነው። ይህ ርቀት ሊያሳስበን ይገባል።

የስብስቡ መነሻ የመድኃኒት ንግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1853 በአሜሪካ፣ ዊስኮንሲን የተወለደው ሄንሪ ዌልካም በ1880 ከሳይላስ በሮውስ ጋር ለንደን ላይ ኩባንያ አቋቋመ። በክኒን ሽያጭ ያካበተውን ገንዘብም መጽሐፍና ቁሳቁስ ለመሰብሰብ አዋለው። ስሙ ከተሰማ ዋጋው ስለሚንር፣ በሐራጅ የሚጫረቱለት ወኪሎች ለማን እንደሚገዙ ይደብቁ ነበር። ፓይራ ማል የተባለውን ሐኪም ሕንድ ድረስ ልኮ የእጅ ጽሑፎች አስሰብስቧል። በ1913 የሕክምና ታሪክ ሙዚየሙን ከፈተ፤ በ1936 አረፈ። ቤተ መጻሕፍቱ ለሕዝብ ክፍት የሆነው በ1949 ነው።

በ400 ዓ.ም. ገደማ ግብፅ ውስጥ ከተዘጋጀ ባለሥዕል የዕፀዋት መጽሐፍ የተረፈ የፓፒረስ ቁራጭ እዚያ አለ። የፍሎረንስ ናይቲንጌል ደብዳቤዎች አሉ። ከ1848 ጀምሮ የለንደን ጤና ሹማምንት የጻፏቸው ሪፖርቶችም በየሰፈሩ ስንት ሕፃን እንደሞተ ይመሰክራሉ።

እዚያው ያለው የኛ ክታብ የሚናገረውም ይህንኑ የሕፃናት ሞት ስጋት ነው። ደብተራው ብራናውን እየሰፋ በባለቤቱ ቁመት ልክ ያስረዝመዋል፤ የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ያስገባበታል። ልጅ እየሞተባት የተቸገረች እናት ሕፃናትን ከምትቀጥፈው ውርዝልያ እንዲጠብቃት የቅዱስ ሱስንዮስን ጸሎት ታስጽፋለች። ክታቡ ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና በአንገት ይታሰራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክታብ የአንድ ሰው የሕመምና የተስፋ መዝገብ ነው።

ፖላንዳዊው ተመራማሪ ስቴፋን ስትሬልሲን በ1972 የዌልካምን የኢትዮጵያ ብራናዎች ካታሎግ አሳትሟል፤ ባለውለታችን ነው። ሆኖም ጸሎቱ ለየትኛው ደዌ እንደሚደገም፣ አብሮት የትኛው ሥር እንደሚታሰር የሚያውቀው በትምህርቱ ያደገ ሰው ነው። ተቋሙ በኅዳር 2022 የመሥራቹን ስብስብ የሚያሳየውን ቋሚ ዐውደ ርዕይ ዘግቷል፤ ታሪኩ በዘረኝነትና በቅኝ ግዛት አስተሳሰብ የተቀረጸ መሆኑንም አምኗል። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠበቅበት ዲጂታል ቅጂዎቹን ለኢትዮጵያ ተቋማት ማድረስና ለሊቃውንቱ ድካም ተገቢውን መክፈል ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ደብተራውንና የፋርማሲ ተመራማሪውን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጡ። ዕውቀቱ በሕይወት ባሉ አዛውንቶች እጅ ነውና ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም።