ድርብ ኢንተግራልና የማሳ ድንበር

በካልኩለስ ትምህርት ከነጠላው ኢንተግራል ወደ ድርቡ ሲገባ ተማሪን የሚያስቸግረው ማስላቱ አይደለም። እሱንማ እንደምንም ይወጣዋል። የሚያስቸግረው ወሰኑ ነው፤ ከየት ተነስቶ የት ይደረሳል? ይህን የሚነግረን ቀመሩ ሳይሆን የቦታው ቅርጽ ስለሆነ፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ ቦታው እንዴት እንደሚታይ እንደ አቅማችን እናስረዳለን።

ድርብ ኢንተግራል ማለት አንድን ቦታ በጣም ጥቃቅን አድርጎ ቆራርጦ፣ በእያንዳንዷ ቁራጭ ላይ ያለውን ዋጋ (ከፍታም ይሁን ምርት) በቁራጯ ስፋት አባዝቶ፣ ሁሉንም መደመር ነው። ዋጋው በየቦታው 1 ከሆነ የምናገኘው የቦታውን ስፋት ብቻ ነው።

እዚህ ሉማሜ ዙሪያ ገበሬው ጤፍ ሊዘራ ሲል አንድ ጊዜ አርሶ አይተውም። መጀመሪያ በአንድ አቅጣጫ ያርሳል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የፊተኛውን ፈር አቋርጦ ይሄዳል፤ ማረሻው በፈርና በፈር መካከል ሳይነካ የሚተወው መሬት አለና። ወዲህም ታረሰ ወዲያ ማሳው ያው ማሳ ነው። ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ጊዶ ፉቢኒ እ.ኤ.አ. በ1907 ያረጋገጠው ሕግም ለእኛ ደረጃ ሲነገር ከዚህ አይርቅም፤ ቦታው የተከለለ፣ ፋንክሽኑም የማይቋረጥ ከሆነ በኤክስ ብንጀምር በዋይ ብንጀምር መልሱ አንድ ነው። መልሱ አንድ ይሁን እንጂ ድካሙ አንድ አይደለም።

በአውራ ጎዳና ዳር ያለ ባለ ሦስት ማዕዘን ማሳ እናስብ። አንዱን ልክ 20 ሜትር እንበለው። ማሳው በመንገዱ በኩል 6 ልክ ይረዝማል፤ የውስጠኛው ጫፉ ከግራው ማዕዘን 2 ልክ ወደ ቀኝ፣ ከመንገዱም 2 ልክ ወደ ውስጥ ነው። መንገዱን ኤክስ፣ ወደ ውስጥ ያለውን ርቀት ዋይ እንበል። ከመንገዱ ተነስተን ወደ ውስጥ ብናርስ ኤክስ 2 እስኪደርስ ፈሩ የሚያልቀው በግራው ድንበር (ዋይ እኩል ይሆናል ኤክስ) ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ድንበሩ ይለወጣል። ስለዚህ ሁለት ኢንተግራል ሠርተን 2 እና 4 እንደምራለን። ከመንገዱ ጋር ትይዩ ብናርስስ? እያንዳንዱ ፈር ከዋይ ተነስቶ 6 ሲቀነስ 2 ዋይ ላይ ያርፋል፤ ርዝመቱ 6 ሲቀነስ 3 ዋይ ነው። ይህን ከ0 እስከ 2 ብንደምር 6 ይመጣል። በአንድ ኢንተግራል አለቀ! 6 ሲባዛ 400፣ 2,400 ካሬ ሜትር፤ ብዙ ጊዜ የሄክታር ሩብ ተብሎ ለሚገመተው ጥማድ ትንሽ ይቀረዋል።

ይህን ማሳ ሁለት ወንድማማቾች ከመንገዱ ጋር ትይዩ በሆነ ድንበር እኩል ይካፈሉት ቢባል፣ ጥልቀቱ 40 ሜትር ነውና ብዙ ሰው 20 ሜትር ላይ ችካል ይተክላል። ኢንተግራሉን ከ0 እስከ 1 ብናሰላው ግን 4 ተኩል ይመጣል። የመንገድ ዳሩ ወንድም 1,800፣ የውስጡ 600 ካሬ ሜትር ደረሳቸው ማለት ነው! እኩል የሚሆነው ችካሉ ከመንገዱ 11.7 ሜትር ገደማ ላይ ሲተከል ነው። በጎጃም ደግሞ የመሬት ልኬት ቀልድ አይደለም፤ በ1960 ዓ.ም. ገበሬው በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምጽ መሬታችን ሊለካ ነው የሚለው ስጋት አንዱ ምክንያት ነበር።

አንዳንዴ አቅጣጫ መለወጥ ድካም መቀነስ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው። አርቢው ዋይ ካሬ የሆነውን የኢ ፋንክሽን፣ ኤክስ ከ0 እስከ 1፣ ዋይ ከኤክስ እስከ 1 ባለው ቦታ ላይ አስሉ ብንባል በዋይ መጀመር አይቻልም፤ በምናውቃቸው ፋንክሽኖች የሚጻፍ ኢንተግራል የለውማ። በኤክስ ስንጀምር ግን ከፊቱ አንድ ዋይ ይወጣና ነገሩ ይፈታል፤ መልሱ ኢ ሲቀነስ 1፣ ለ2 ተካፍሎ፣ 0.859 ያህል ነው።

ክብ ቦታ ሲመጣ ቀጥታ ፈር አያዋጣም። አውድማን እንይ። መሐሉ ላይ ራዲየሱ 2 ሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር የሆነ ሾጣጣ የእህል ክምር ቢኖር፣ ከፍታው ከመሐል በራቅን ቁጥር 1 ሲቀነስ የርቀቱ ግማሽ ነው። ወሰኑ እንዴት ይቀላል! ርቀት ከ0 እስከ 2፣ ዙሪያው ከ0 እስከ 2 ፓይ። ነገር ግን ከፍታውን በርቀቱ ሳናባዛ ብንደምር 6.28 ሜትር ኩብ እናገኛለን፤ ትክክለኛው 4.19 ነው። በርቀት ማባዛት ለምን አስፈለገ? በሬዎች ሲያበራዩ ማየት ይበቃል። በዳር ያለው በሬ መሐል ካለው ጋር እኩል ይዞራል፤ የሚረግጠው መሬት ግን ይበልጣል። ቁራጯም እንዲሁ ከመሐል በራቀች ቁጥር ትሰፋለች።

ክምሩ ሾጣጣ ሳይሆን እንደ ተደፋ ድስት ጉብ ያለ ቢሆንስ? ከፍታው 1 ሲቀነስ የርቀቱ ካሬ ለ4 ተካፍሎ ነው እንበል፤ ራዲየሱ ያው 2። ሥዕሉን አስቀድማችሁ ሠርታችሁ መልሱን ለአዘጋጆቹ ስጡ፤ በሚቀጥለው እትም ይወጣል።